ወንድነት ከሜዳ ወደ ገበያ



የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ማኅበራችን አመሠራረት ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ስላሉ እኔ ሌላ ርእስ ልምረጥ አልኩ። ሀገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ታሪክ ለማጥናት ነበር። ትምህርቱ ሳያልቅ ስደት ቀደመ፤ ዛሬ እንጀራዬ ታክሲ መንዳት ነው። ይሁን እንጂ ታክሲ ለታሪክ ተማሪ መጥፎ ሥራ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በማስታወቂያ ሰሌዳዎች ሥር ትቆማላችሁ፤ ከስታዲየም የሚወጣውን ሕዝብ ትጭናላችሁ፤ አባትና ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ሲከራከሩም ትሰማላችሁ።

የዛሬው ርእሴ የመነጨውም በየቤታችን ከሚሰማ ክርክር ነው። ልጅ ፀጉሩን ሹሩባ ተሠርቶ ይመጣል፤ አባት «ይህ የወንድ ልጅ ወግ ነው?» ይላል። ልጅ 200 ዶላር የሚያወጣ ጫማ ይፈልጋል፤ አባት በዚያ ዕድሜው ምን ተጫምቶ ይማር እንደነበር ይተርክለታል። ልጅ «ጨንቆኛል» ይላል፤ አባት «ወንድ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሚጨንቀው?» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። በእነዚህ ክርክሮች ሁሉ ወላጆች የምንናገረው ወንድነት የሚባለው ነገር ከአዳም ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣ አንድ ነገር እንደሆነ አድርገን ነው።

ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። «ወንድ ምን ይመስላል?» የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሲሰጠው ኖሯል። ባለፉት 100 ዓመታት ደግሞ መልሱን በአብዛኛው ያዘጋጁት ስፖርትና ንግድ ተጋግዘው ነው። ይህንን በምንኖርበት በአሜሪካ ታሪክ፣ በሦስት ተራ ዕቃዎች፣ ማለትም በምላጭ፣ በሲጋራና በጫማ ለማሳየት እሞክራለሁ። አንባቢ እንዳይደናገር፣ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሀገር ቤት

በቀድሞው ዘመን በሀገራችን፣ በተለይም በደጋው ክፍል፣ የወንድ መለኪያው ጦርነትና አደን እንደነበር የታወቀ ነው። ጠላት የጣለ ወይም አንበሳ የገደለ ሰው በሕዝብ ፊት ይፎክራል፤ ይሸለማልም። ጨዋታውም ቢሆን የጦርነት ልምምድ ነበር። በፈረስ ጉግስ አንዱ ዘንግ ይወረውራል፣ ሌላው በጋሻ ይመክታል። በገና ጨዋታ ደግሞ ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢያገኘው ቂም አይያዝበትም ነበር። ሜዳው ለአንድ ቀን ሁሉንም እኩል ያደርጋል።

ነገር ግን ያ ጀግና መልኩ ምን ይመስል ነበር? የአፄ ቴዎድሮስንና የአፄ ዮሐንስን ምስል የምታውቁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ፤ ሁለቱም ፀጉራቸው ሹሩባ ነው። የተሠራ ፀጉር የጦር ሰው ክብር ነበር እንጂ ማንም «የሴት ነው» አይለውም ነበር። ከጊዜ በኋላ ዘመናዊ ጦር ሠራዊት፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤትና ፀጉር አስተካካይ ሲመጡ ወንድ ማለት ፀጉሩን አሳጥሮ የሚቆረጥ ሰው ሆነ። ስለሆነም ዛሬ ልጁን ስለ ሹሩባው የሚቆጣ አባት የቅድመ አያቶቹን ሕግ እየጠበቀ ይመስለዋል እንጂ እየጠበቀ ያለው የቅርብ ጊዜ ሕግ ነው።

ወንበር ላይ የተቀመጠው ወንድ

አሁን ወደ አሜሪካ እንምጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በዚህ ሀገር አንድ ጭንቀት ተስፋፍቶ ነበር። እስከዚያ ድረስ ወንድ ማለት መሬት የሚቆፍር፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ፈረስ የሚገራ ሰው ነበር። ፋብሪካና ቢሮ ሲበዙ ግን ብዙው ወንድ ከተማ ገብቶ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠ። ከ1890 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ መንግሥት ራሱ ወደ ምዕራብ ሲገፋ የኖረው የሰፈራ ጠረፍ አብቅቷል ብሎ አስታወቀ። «እንግዲህ ልጆቻችን በምን ወንድ ይሆናሉ?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ተነሣ። መልሱም ስፖርት ሆነ።

ይህን መልስ ካስፋፉት አንዱ በሀገራችን ወወክማ እያልን የምናውቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1844 ለንደን ውስጥ በጆርጅ ዊሊያምስ ሲመሠረት ዋናው ሥራው ጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነበር። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሲያድግ ግን ጠንካራ አካል ለጠንካራ ምግባር ያስፈልጋል በሚል እምነት የስፖርት አዳራሾችን በየከተማው ሠራ። በዲሴምበር 1891 ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በማኅበሩ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ጀምስ ኔይስሚዝ፣ ክረምቱን ቤት ውስጥ ተዘግተው ለተሰላቹ ወጣቶች ሁለት የኮክ ቅርጫት ከፍ አድርጎ ሰቀለና ቅርጫት ኳስን ፈጠረ። ኔይስሚዝ ሕጎቹን ሲያወጣ ኳስ ይዞ መሮጥንም፣ መገፋፋትንም፣ መጥለፍንም ከልክሏል። ዛሬ የወንድ ጉልበት ማሳያ የምንለው ጨዋታ የተፈጠረው ጉልበተኛን ለመግራት ነበር ማለት ነው።

ሁሉም ጨዋታ ግን እንዲህ አልተገራም። በልጅነቱ በአስም የተሠቃየውና ቦክስ እየተማረ ያደገው ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ በ1899 ቺካጎ ላይ ባደረገው ዝነኛ ንግግር የተመቻቸ ኑሮን ነቅፎ ትግል የሞላበትን ኑሮ አወደሰ። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ፣ በ1905 ብቻ በአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላይ ቢያንስ 18 ተጫዋቾች መሞታቸውን ጋዜጦች ዘገቡ። ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሐውስ ጠርቶ ጨዋታው እንዲሻሻል ግፊት አደረገ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሕጉ ተለወጠ። ልጆችን ወንድ ያደርጋል የተባለው ጨዋታ ልጆቹን እየቀበረ ነበር።

«ወንድ» የሚለውም ቃል ሁሉንም ሰው አይጨምርም ነበር። በ1908 ጃክ ጆንሰን የተባለው ጥቁር ቦክሰኛ ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ላይ ቶሚ በርንስን አሸንፎ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ይህን መቀበል ያቃታቸው ሰዎች ከቦክስ ዓለም የተሰናበተውን ጀምስ ጄፍሪስን ለምነው መለሱት። ጁላይ 4 ቀን 1910 ሬኖ፣ ኔቫዳ ላይ ጆንሰን እርሱንም ረታው። በዚያ ምሽት በብዙ ከተሞች ጥቁሮች ጥቃት ደረሰባቸው፤ ሰዎችም ሞቱ። በ1912 ደግሞ ኮንግረስ የቦክስ ግጥሚያ ፊልም ከስቴት ወደ ስቴት እንዳይጓጓዝ ሕግ አወጣ። ጡንቻ የወንድ መለኪያ ነው ሲሉ የኖሩ ሰዎች፣ ጡንቻው የጥቁር ሲሆን መለኪያውን ደበቁት።

ምላጭ

የመጀመሪያው ዕቃችን ምላጭ ነው። ዛሬ የተላጨ ፊት የሥርዓት ምልክት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን ሙሉ ጺም የትልቅ ሰው ወግ ነበር፤ ከአብርሃም ሊንከን እስከ ቤንጃሚን ሃሪሰን ከነበሩት ፕሬዚዳንቶች የአብዛኞቹን ፎቶግራፍ መመልከት ይበቃል። ባለሪዙ ዊሊያም ታፍት በ1913 ከሥልጣን ከወረደ ወዲህ ግን ጺም ወይም ሪዝ ያለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አልታየም።

በዚህ መካከል ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚባል ነጋዴ መጣ። የእርሱ ሐሳብ መላጫውን አንድ ጊዜ ሸጦ የሚጣለውን ስስ ምላጭ ዕድሜ ልክ መሸጥ ነበር። በ1903 ሽያጭ ሲጀምር የተሸጡለት 51 መላጫዎችና 168 ምላጮች ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት የመላጫው ሽያጭ ከ90,000 በላይ ደረሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ አዘዘ። ወታደሩ ከጦር ሜዳ ሲመለስ በየማለዳው መላጨትን ለምዶ፣ ደንበኛ ሆኖ ተመለሰ።

ኩባንያው ከዚያ በኋላ ወደ ስፖርት ገባ። በ1939 የቤዝቦሉን የዓለም ሻምፒዮና የሬዲዮ ሥርጭት ስፖንሰር አደረገ። ቴሌቪዥን ሲመጣም እስከ 1960 ድረስ የአሜሪካ አባትና ልጅ ዓርብ ማታ አብረው የሚያዩት ቦክስ በምላጭ ማስታወቂያ የታጀበ ነበር። የጨዋታው ጀግና የተላጨ ነው፤ ስለሆነም ወንድ የሚሆን ሁሉ ይላጫል። ይኸው ኩባንያ ከ1915 ጀምሮ ለሴቶችም የተለየ መላጫ ይሸጥ እንደነበር ብንጨምርበት፣ ነጋዴ ለማን ምን እንደሚነግር ያውቅበታል ያሰኛል።

በዚያው ዘመን ከእኛው እንደ አንዱ ስደተኛ የነበረ ሰው ደግሞ ጡንቻን ራሱን መሸጥ ጀመረ። አንጀሎ ሲሲሊያኖ በልጅነቱ ከጣሊያን ወደ ብሩክሊን የመጣ ቀጭን ልጅ ነበር። ስሙን ቻርልስ አትላስ ብሎ ለወጠና በ1922 በአሜሪካ እጅግ የተስተካከለ ሰውነት ያለው ሰው ተብሎ ተሸለመ። ከዚያም በፖስታ የሚላክ የስፖርት ትምህርት ሸጠ። በልጆች የሥዕል መጽሔቶች ላይ ይወጣ የነበረው ማስታወቂያው ለብዙ ዓሠርት ዓመታት አንድ ዓይነት ነበር፤ 44 ኪሎ የሚመዝን ከሲታ ልጅ ባሕር ዳር ጉልበተኛ አሸዋ ይረጭበታል፤ ልጁ ትምህርቱን ገዝቶ ይጠነክርና ተመልሶ ጉልበተኛውን ይመታል። ልብ በሉ፤ ማስታወቂያው መጀመሪያ ያደረገው ልጁን ማሳፈር ነው። መድኃኒቱ የሚሸጠው ኀፍረቱ ከተዘራ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው የወንዶች ገበያ በሙሉ በዚህ መንገድ ተጉዟል።

ሲጋራ

ከሦስቱ ዕቃዎች ይበልጥ የሚያስገርመው የሲጋራው ታሪክ ነው። ማርልቦሮ በ1924 ገበያ ላይ ሲወጣ የሴቶች ሲጋራ ነበር። ማስታወቂያው ስለ ልስላሴው ያወራ ነበር፤ ቆየት ብሎም የከንፈር ቀለም እንዳይታይበት ጫፉ ቀይ ተደረገ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር የሚያያይዙ ጥናቶች ሲወጡ አጫሾች ደነገጡና ኩባንያዎቹ ፊልተር ያለው ሲጋራ ማቅረብ ጀመሩ። ችግሩ ግን ፊልተር ያለው ሲጋራ የሴት ነው መባሉ ነበር። ወንዱ በሽታውን ፈርቷል፤ መፍራቱ እንዲታወቅበት ግን አይፈልግም።

የቺካጎው የማስታወቂያ ሰው ሊዮ በርኔት በ1954 እና በ1955 መፍትሔውን አገኘ። ሲጋራውን ለካውቦይ ሰጠው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከካውቦዩ ሌላ መርከበኞችና ስፖርተኞችም ይቀርቡ ነበር፤ የኒውዮርክ ጃያንትሱ የፉትቦል ተጫዋች ቻርሊ ኮነርሊ አንዱ ነው። በ1960ዎቹ ካውቦዩ ብቻውን ቀረ። ብዙ የማይናገር፣ ማንንም የማይለምን፣ በፈረሱ ላይ ብቻውን ያለ ሰው፦ የዓለም ወንድ ሁሉ ይህን ሰው መምሰል ፈለገ። ሀገር ቤት ካፌ ጠረጴዛ ላይ ቀይና ነጩ ፓኮ ተቀምጦ ሲታይ ባለቤቱ ምን ያህል ይከበር እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያ ሲጋራ የሴት ሆኖ እንደተወለደ ግን ማንም አልነገረንም።

ፍጻሜውን እናውቀዋለን። በ1964 የመንግሥት የጤና ሪፖርት ማጨስ ለሳንባ ካንሰር ምክንያት መሆኑን አረጋገጠ። ከጃንዋሪ 2 ቀን 1971 ጀምሮ የሲጋራ ማስታወቂያ ከአሜሪካ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ተከለከለ፤ የሲጋራ ኩባንያዎችም ስማቸውን በመኪና ውድድር ላይ ለጠፉ። በማስታወቂያዎቹ ላይ ከታዩት ወንዶች ዌይን ማክላረን በ1992፣ ዴቪድ ማክሊን በ1995 በሳንባ ካንሰር ሞቱ። ማክላረን ከመሞቱ በፊት ማጨስን በመቃወም ሲያስተምር ነበር። በ1998 በተደረገው ስምምነት መሠረት ትላልቆቹ የሲጋራ ሰሌዳዎች በሚቀጥለው ዓመት ከየመንገዱ ወረዱ።

ሴቶች ወደ ሜዳው ሲገቡ

እስከዚህ ድረስ ሜዳው የወንድ ነው ተብሎ ነበር። በ1967 ካትሪን ስዊትዘር በቦስተን ማራቶን 261 ቁጥር ለብሳ ስትሮጥ ከውድድሩ ኃላፊዎች አንዱ ሮጦ ቁጥሩን ሊነጥቃት ሞከረ፤ እርሷ ግን ውድድሩን ጨረሰች። ቦስተን ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972 ነው። በዚያው ዓመት በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፉ ትምህርት ቤቶች በጾታ እንዳያዳሉ የሚያስገድደው ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ወጣ። በሴፕቴምበር 1973 ደግሞ የ29 ዓመቷ ቢሊ ጂን ኪንግ ሴት ወንድን አትችልም ሲል የነበረውን የ55 ዓመቱን ቦቢ ሪግስን ሂዩስተን ላይ ከ30,000 በላይ ተመልካች ፊት በቴኒስ 6 ለ 4፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 3 አሸነፈችው።

የሴቶች ማራቶን ኦሎምፒክ የገባው በ1984 ነው። ከዚያ 8 ዓመት በኋላ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር፣ በ1996 ደግሞ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ በማራቶን ወርቅ አመጡልን። ፋጡማ ከ1997 እስከ 1999 ያንኑ የቦስተን ማራቶን ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፋለች። ለእኛ ጀግና የሚለው ቃል በእነዚህ ሴቶች እግር ነው የሰፋው።

ሴቶች ሜዳ ሲገቡ ወንዱም ተለወጠ፤ ገበያውም ተከተለው። የኒውዮርክ ጄትሱ ጆ ናማት በ1968 ሪዙን በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ለመላጨት 10,000 ዶላር ተከፈለው፤ በ1974 ደግሞ የሴቶች ስቶኪንግ ለብሶ አስተዋወቀ። እንግሊዛዊው ዴቪድ ቤካም በ1998 ሽርጥ ለብሶ ሲታይ ጋዜጦች ቀለዱበት፤ በ2004 ግን ያው የምላጭ ኩባንያ ለፊቱ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ አስፈረመው። ትናንት የተሣቀበት ነገር ዛሬ ይሸጣል። ቅባትና ሽቶ የወንድ ዕቃ ሆነው መደርደሪያ የሞሉት በዚህ መንገድ ነው።

ጫማ

ሦስተኛው ዕቃ ልጆቻችን ዘንድ ያለው ነው። በ1964 ኦሪገን ውስጥ ፊል ናይትና ቢል ባወርማን የጃፓን የሩጫ ጫማ እያስመጡ የሚሸጡበት ትንሽ ድርጅት አቋቋሙ፤ በኋላ ናይኪ የሆነው ይህ ነው። ድርጅቱ በ1984 የ21 ዓመቱን ማይክል ጆርዳንን አስፈረመ። በ1985 ስሙን የያዘው ጫማ በ65 ዶላር ገበያ ላይ ሲወጣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ከዚያ በፊት ጫማ የሚገዛው ለመጫወት ነበር። ከዚያ በኋላ የማይጫወተውም ሰው ገዛው፤ የሚገዛው ሰውዬውን ስለሆነ።

ዋጋውን የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው። በሜይ 1990 ስፖርትስ ኢላስትሬትድ የተባለው መጽሔት የፊት ገጹን በጫማና በጃኬት ምክንያት ስለሚዘረፉና ስለሚገደሉ የከተማ ልጆች አደረገው። ጫማውን እስያ ውስጥ በትንሽ ደመወዝ የሚሰፉት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች መሆናቸውም በ1990ዎቹ ከፍተኛ ተቃውሞ አስነሣ። በ1998 ፊል ናይት ራሱ በአደባባይ የኩባንያው ስም ከባርነት ደመወዝ ጋር አብሮ የሚነሣ ሆኗል ብሎ ተናገረ። የወንድነት ምልክት ተብሎ የተሸጠው ጫማ የሴት ልጅ እጅ ሥራ ነበር።

ስለ ሹሩባም እዚሁ ላይ ልጨርስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፊላደልፊያው አለን አይቨርሰን ሹሩባ ተሠርቶ ሲጫወት ብዙዎች «የወሮበላ መልክ» አሉት፤ ወጣቱ ግን ተከተለው። በ2005 ኤንቢኤ ተጫዋቾች ከሜዳ ውጭ ምን እንዲለብሱ የሚያዝ ደንብ አወጣ፤ ወፍራም የአንገት ሐብልና ኮፍያም ተከለከሉ። ተጫዋቾቹ ደግሞ ደንቡን ወደ ልብስ ትርኢት ለወጡት፤ ዛሬ ከመኪና ወርደው መልበሻ ክፍል እስኪደርሱ ድረስ ፎቶ አንሺ ይጠብቃቸዋል። ልጆቻችን ሹሩባውን ያገኙት ከአይቨርሰን ወራሾች ነው። ከእኛ ቢያገኙት ኖሮ ከቴዎድሮስ ያገኙት ነበር።

ባዶ እግርም ተሸጠ

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በባዶ እግሩ ጨረሰ። የቀረበለት ጫማ አልተመቸውም፤ በባዶ እግሩም ልምምድ አድርጎ ነበርና ጫማውን ተወው። በ1964 ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ያን ጊዜ ተጫምቶ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። በ2010 ቪብራም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ይሰጣል ያለውን ጫማ «ቢቂላ» ብሎ ሰይሞ ሸጠ። የአበበ ቤተሰቦች ስሙ ያለ ፈቃድ ተወስዷል ሲሉ በ2015 ታኮማ፣ ዋሽንግተን ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ2016 ዳኛው ክሱ ዘግይቶ ቀርቧል በማለት ዘጋው። ያለ ጫማ በመሮጡ የታወቀው ሰው ስሙ ጫማ ሆነ። ገበያ ምን ሊሸጥ ይችላል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ነገር ግን ገበያው ያልወሰደው አንድ አበበ አለ። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እንግሊዝ ሀገር ስቶክ ማንደቪል በታከመበት ቦታ፣ በ1970 በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። በ1973 በ41 ዓመቱ አረፈ። በዓለም ላይ በእግሩ የከበረ ሰው እግሩን አጥቶ ሕዝብ ፊት ለመውጣት አላፈረም። ይህን የአበበን ፎቶግራፍ ግን በየሬስቶራንቶቻችን ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ አናይም፤ የምንሰቅለው የሮሙን ብቻ ነው።

የወንድ እንባ

ጁን 16 ቀን 1996 የአባቶች ቀን ነበር። አባቱ ከሦስት ዓመት በፊት የተገደለበት ማይክል ጆርዳን ዋንጫውን በልቶ መልበሻ ክፍል ወለል ላይ ተኝቶ ሲያለቅስ ዓለም አየው። በ2018 ደግሞ ሁለት የኤንቢኤ ተጫዋቾች፣ ዴማር ዴሮዛንና ኬቨን ላቭ፣ አንዱ ስለሚጫነው ድብርት፣ ሌላው በጨዋታ መካከል ስለደረሰበት የድንጋጤ ሕመም በአደባባይ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ሊጉ ቡድኖቹ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲኖራቸው ደነገገ። በ2019 የምላጩ ኩባንያም ወንዶች ጉልበተኝነትን እንዲተዉ የሚመክር ማስታወቂያ አወጣ፤ የወደዱትም የተቆጡትም ብዙ ነበሩ። ምክሩ መልካም ነው። ሆኖም ወንድን 44 ኪሎ ነህ ብሎ ማሳፈርም፣ አልቅስ ብሎ ማጽናናትም ምላጭ ወይም ትምህርት ለመሸጥ ሊውል እንደሚችል አንርሳ።

እዚህ ላይ ነገሩ የእኛ ጉዳይ ይሆናል። በኤርፖርቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ በቀን 12 ሰዓት የሚቀመጥ ወንድ ስኳሩን፣ ደም ብዛቱን፣ የወገቡን ሕመም አይናገርም። ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሱ። በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ሕመማቸውን ደብቀው የኖሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ቀብሬያለሁ። ሁለቱም ጎበዝ ሠራተኞች፣ ሁለቱም የልጆች አባቶች ነበሩ። ያ ዝምታ የአባቶቻችን ጀግንነት ይመስለናል። እኔ ግን ግማሹ ከካውቦዩ ሰሌዳ የተቀዳ ይመስለኛል። አባቶቻችን ዝም አይሉም ነበር፤ ያቅራራሉ፣ ይፎክራሉ፣ ሰው ሲሞትባቸው ደረታቸውን እየመቱ በአደባባይ ያለቅሳሉ፣ ችግራቸውን እድር ላይ ይናገራሉ።

ስለዚህ ማኅበራችን ለሁለተኛው አሥር ዓመት ዕቅድ ሲያወጣ ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የቅዳሜው የእግር ኳስ ቡድናችን ከጨዋታ በኋላ ግማሽ ሰዓት ወስዶ ታላላቆቹ ከታናናሾቹ ጋር የሚነጋገሩበት ልማድ ይጀመር። ሁለተኛ፣ በመካከላችን ያሉት ነርሶችና ሐኪሞች በዓመት ሁለት ጊዜ የወንዶችን ደም ግፊትና ስኳር በአዳራሻችን ይለኩልን፤ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ የሚያሳፍረው ሰው ለቡና ብሎ ይመጣል። ሦስተኛ፣ በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ ከሮሙ አበበ ጎን የስቶክ ማንደቪሉ አበበ ይሰቀል። ልጆቻችን ሁለቱም ፎቶዎች የአንድ ወንድ መሆናቸውን ይወቁ።

ምላጩን፣ ጫማውን፣ ሽቶውን ልጆቻችን ይግዙ፤ እኛም እንገዛለን። የሚሸጥላቸው ዕቃው እንጂ ወንድነቱ እንዳልሆነ ግን ከሻጩ አይሰሙትም። ይህን የመንገር ዕዳ የእኛ ነው።